አንድ ጥሩ ዘንግ ስጡኝ

አሜሪካ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «አንድ ጥሩ ዘንግ ስጡኝ» የሚል ሰው ዘንግ አያገኝም፤ ጥያቄ ነው የሚያገኘው። ለምን ዓሣ? ለባስ ከሆነ ለየትኛው ባስ፣ ለአፈ ሰፊው ነው ለአፈ ጠባቡ? ከጀልባ ላይ ነው ከዳር ቆመህ? ውኃው ሣር ይበዛዋል ወይስ ድንጋያማ ነው? በምን ማባበያ? ማባበያው ስንት አውንስ ይመዝናል? በዚህ መሐል ሰውየው የአረንጓዴ ካርድ ቃለ መጠይቁን ማስታወስ ይጀምራል። ያኔ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቀም፤ ደግሞም ያኔ ጠበቃ አብሮት ነበር።

ይህ የደረሰው በአንድ ወዳጄ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል፤ የሚኖረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ያደገው ግን ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ያደገ ሰው ደግሞ ስለ ዓሣ ሲወራ ዝም ብሎ አይሰማም። ልጅ ሆኖ ከሐይቁ ዳር መንጠቆና የናይለን ክር ይዞ፣ ክሩን ባዶ ጣሳ ላይ ጠምጥሞ፣ በትል ቆሮሶ ያወጣ ነበር። ዘንግ የለ፣ ሪል የለ፣ አውንስ የለ። ጡረታው ሲቃረብ ሐኪሙም «ከዚያ ወንበር ተነሥ» ሲለው፣ የልጅነት ሙያውን ለማደስ ቆርጦ ተነሣ። እኔን ያስከተለኝ ስለ ባስ ዘንግ ብዙ ስላነበብኩ በአማካሪነት ቆጥሮኝ ነው።

«በትል ነው የማጠምደው» አለው ሻጩን።

ሻጩ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ነው፤ በአዘኔታ አየው። ለባስ ሰዎች በትል ማጥመድ በልጅነት ከአያት ጋር የተደረገ፣ የተወደደ፣ ግን ያለፈ ነገር ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በሰው ሠራሽ ማባበያ ነው። ምክንያትም አላቸው። ባስ አድፍጦ የሚያጠቃ ዓሣ ነው። ከሣር ሥር፣ ከወደቀ ግንድ ጎን፣ ከድልድይ ምሰሶ ጥላ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅና በአጠገቡ በሚያልፍ ነገር ላይ ይወረወራል። የግድ ርቦት አይደለም። ጠግቦም ቢሆን፣ ወንዱ ጎጆውን እየጠበቀም ቢሆን፣ ፊቱ የተርገፈገፈ ነገር ካየ መንከስ ይቀናዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ንግድ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ሸቀጥ፣ የቆመው በአንድ ዓሣ ቁጡነት ላይ ነው።

የማባበያው ግድግዳ ፊት ስንቆም ወዳጄ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገው። ትልቅ ከንፈር ያላቸው የፕላስቲክ ዓሦች አሉ፤ ያ ከንፈር ሲጎተቱ ውኃውን እየገፋ ወደ ታች የሚያሰምጣቸው፣ እያወዛወዘም የሚወስዳቸው ነው። ክራንክቤይት ይሏቸዋል። የሚሽከረከር የብረት ቅጠል የተገጠመላቸው አሉ። ሆዷ ባዶ የሆነ፣ በሣር ላይ እየተንሸራተተች የምትሄድ፣ ከኋላዋ የቀሚስ ዘርፍ የሚመስል ክር የተንጠለጠለላት የላስቲክ እንቁራሪት አለች። የላስቲክ ትሉማ ቁጥር የለውም። ኒክ ክሬም የተባለ የአክረን፣ ኦሃዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ይዞ ብቅ ካለ ወዲህ እውነተኛው ትል ከገበያው እየተገፋ መጥቷል። «አረንጓዴ ዱባ» የሚባል ቀለም ያለው አለ፤ ብዙ ሰው የሚምልበትም እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚሸትም አለ። ወዳጄ አንዱን ከረጢት አፍንጫው ላይ አስጠግቶ «ቅቤና በርበሬ ነው የቀረው» አለኝ።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ግድግዳ ፊት ነው። ሰው መጀመሪያ ዘንግ ገዝቶ ከዚያ ማባበያ የሚመርጥ ይመስለዋል። በባስ ዓለም ግን ማባበያው ነው ዘንጉን የሚመርጠው፤ ዘንጉ የክር መጠምጠሚያውን፣ ሪሉን፣ ይመርጣል፣ ሪሉ ክሩን። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰውዬ የሚመርጠው ነገር ቢኖር የመያዣውን ቀለም ነው። ዓሣውንማ የሚያማክረው የለም።

ዘንጉ ላይ ከመያዣው ከፍ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ። ወዳጄ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበው፦ 7 ጫማ፤ ሚዲየም ሄቪ፤ ፋስት፤ ክር ከ10 እስከ 17 ፓውንድ፤ ማባበያ ከ1/4 እስከ 3/4 አውንስ። መጀመሪያ መነበብ ያለበት መጨረሻ የተጻፈው ነው። ሩብ አውንስ 7 ግራም ገደማ ናት። ዘንግ የሚወረውረው በመለመጡ ነው፤ ማባበያው ወደ ኋላ ሲወናጨፍ በክብደቱ ጫፉን ይለምጠዋል፣ ጫፉ ሲቃና ማባበያውን ያስፈነጥረዋል። ቀላሏን ማባበያ ደንዳና ዘንግ ላይ ብታስራት ዘንጉ መኖሯንም አያውቅ፤ ክንድህ እስኪገነጠል ወርውረህ እግርህ ሥር ጠብ ትላለች። ከባዱን በቀጭን ዘንግ ብትወረውረው ደግሞ ጫፉን ይዞብህ ሊሄድ ይችላል።

ሚዲየም ሄቪ የሚለው፣ ዘንጉ እስኪጎብጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ይናገራል። ፋስት የሚለው የት ላይ እንደሚጎብጥ ነው። ፋስቱ የሚጎብጠው ጫፉ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ሞደሬት የሚሉት እስከ ወገቡ ይታጠፋል። ይህ የፋብሪካ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የላስቲክ ትል የሚታሰረው በአንድ ወፍራም መንጠቆ ነው፤ ባሱ ሲነክስ መንጠቆውን መንገጭላው ውስጥ ለመስደድ ፈጥኖ የሚቆነጥጥ ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል። ክራንክቤይት ደግሞ ሦስት ሹል ያላቸው ቀጫጭን መንጠቆዎች ናቸው ያሉት፤ በደረቅ ዘንግ ብትመነጭቀው ከዓሣው አፍ ቦጭቀህ ታወጣዋለህ። እሱ የሚፈልገው ልል፣ እሺ ባይ፣ ዓሣው ሲፈራገጥ አብሮ የሚያጎነብስ ዘንግ ነው።

«ለሁለቱም የሚሆን የለም?» አለ ወዳጄ።

«አለ» አለው ሻጩ። «ሁለት ዘንግ መግዛት።»

ሐበሻ ዕቃ ሳይፈትሽ አይገዛም። ሐብሐብ በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ የሚገዛ ሕዝብ ዘንግ ሲገዛ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ወዳጄ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መያዣው ማጠፍ ሲጀምር ያ ሁሉ የሻጩ ትዕግሥት አለቀ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ ደረሰበት። የዛሬ ዘንግ አብዛኛው ግራፋይት ነው። ከውኃ ውስጥ የመጣውን ጭነት ወደ ታች እያከፋፈለ ይችለዋል፤ ጫፉን በእጅ ይዘህ ስታጥፈው ግን ጭነቱ ሁሉ እዚያችው ቀጭን ቦታ ላይ ያርፍና ቀጭ ይላል። ዘንግ የሚፈተሸው ጣሪያ ሳይነኩ ቀስ ብሎ በመነቅነቅ ነው። ሰባት ጫማ ከሁለት ሜትር ያልፋልና ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የላይኛው መብራት በወዳጄ ተነክቷል፣ አልተሰበረም።

ሪሉ ጋ ስንደርስ ነገሩ ባሰ።

ባጭሩ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ክሩ በክዳን የተሸፈነ፣ ቁልፍ ተጭነህ የምትለቀው ነው፤ ልጆች የሚጀምሩት በሱ ነው። ታሪኩ ግን የልጅ አይደለም። ያሰበው አር. ዲ. ኸል የተባለ ሰው ነው፤ ይዞት የሄደው ደግሞ ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ወደነበረው ዚሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ ነው። ኩባንያው ለነዳጅ ጉድጓድ ሥራ በሰዓት የሚፈነዳ ቦምብ ይሠራ ነበር። በ1949 ሪል መሥራት ጀመረ፤ በ1956 ስሙን ወደ ዜብኮ ለወጠ። ለዋይት ሐውስ የተላከ የሪል ጥቅል ላይ የቦምብ ፋብሪካ ስም ታይቶ፣ ጠባቂዎቹ ውኃ ውስጥ ነክረውታል ይባላል። እውነት ከሆነ ሳያስቡት ሪሉን ወደ ተፈጥሮ ቦታው ነው የመለሱት።

ሁለተኛው ስፒኒንግ የሚሉት ነው። ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፤ ስትወረውር ስፑሉ፣ ክሩ የተጠመጠመበት ቀፎ፣ አይዞርም፣ ክሩ ከላዩ ላይ ተፈትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ቤይትካስተር ነው። ከዘንጉ ላይ ይቀመጣል፤ ስፑሉ ራሱ ይሽከረከራል፤ የባስ ሊቃውንት የሚመጻደቁትም በዚህ ነው። ወዳጄ ዓይኑ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ክብ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አምባሳደር የሚባል።

«አምባሳደር እኔ የማውቀው ሱፍ ነው» አለ፤ ግን ከእጁ አላስቀመጠውም።

እዚህ ላይ ያነበብኩትን ማውራት አማረኝ። ይህን ሪል ያወጣው አቡ የሚባለው የስዊድን ፋብሪካ በ1921 ሲቋቋም የኪስ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከሰዓት ወደ ታክሲ ሜትር ተሻገረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሜትሩን ገበያ ሲያደርቀው፣ እነዚያን ጥቃቅን ጥርሳም ማርሾች የሚቀርጹ እጆች ወደ ዓሣ ሪል ዞሩ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሪሉን ቶሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የዋሽንግተን ታክሲ እስከ 2008 ድረስ ሜትር አልነበረውም። ከተማዋ በቀጠና ተከፋፍላ ሒሳቡ የሚታሰበው በቀጠና ነበር። ሜትር ይግባ ሲባል ሾፌሮቹ፣ ብዙዎቹም የኛው ሰዎች፣ አድማ መትተው ነበር። ሜትሩ ገባ። «አሁን ደግሞ ወንዝ ዳር ተከትሎኝ ሊመጣ?» አለ።

ቢሆንም ቀዩ ሪል ከልቡ አልወጣም። እንዲህ ያለ የራሱን ሪል ያዋሰው ሌላ ወዳጃችን ነው፤ ቤል ሄቨን ከፖቶማክ ዳር ቆመን። አወራወሩ ያማረ ነበር፣ ክንዱ እንደ ልጅነቱ ተዘረጋ። ማባበያው አየር ላይ ሲዘገይ ስፑሉ ግን የሰማ አይመስልም፤ በያዘው ፍጥነት መሽከርከሩን ቀጠለ። የተፈታው ክር መሄጃ ሲያጣ እዚያው ስፑሉ ላይ እየተፈለፈለ ወጣ፣ እርስ በርሱ ተጠላለፈ፣ ማባበያው ቀጥ ብሎ ቆመና ወደኛ ተመለሰ። አሜሪካኖች ይህን የወፍ ጎጆ ይሉታል። ወፍ ግን ሥራዋን ፈትታ አትደግምም፤ ወዳጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጥርሱና በጥፍሩ ሲፈታ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

መድኃኒቱ አውራ ጣት ነው። ስፑሉን በስሱ እየነካህ ትልከዋለህ፣ ማባበያው ውኃ ሊነካ ሲል ጫን ትለዋለህ። ከዚያ በፊት ግን ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ማስተካከል አለ፦ ዘንጉን አግድም ትይዛለህ፣ ክሩን ትለቀዋለህ፣ ማባበያው ዝግ ብሎ መሬት ሲደርስ ስፑሉም አብሮ መቆም አለበት። ካልቆመ ቁልፏን ጠበቅ ታደርጋታለህ። ማባበያ በለወጥክ ቁጥር እንደገና ታስተካክላለህ፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣም ብሬኩን ትጨምራለህ። ጣሳ ላይ ጠምጥሞ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ስድብ ነው።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። ሪሉ ላይ 7.1:1 ቢባል፣ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ስፑሉ ሰባት ጊዜ ከምናምን ይዞራል ማለት ነው። ክራንክቤይት ዝግ ያለውን፣ አምስት ወይም ስድስት የሚዞረውን ይወዳል፤ ትልና እንቁራሪት ፈጣኑን። የቤይትካስተር እጀታ በግራ ወይም በቀኝ ተሠርቶ የሚመጣ ነው፣ ከገዛህ በኋላ አይዛወርም፤ የስፒኒንጉ ግን ተፈትቶ ወዲህም ወዲያም ይገጠማል። ቤሪንግ የሚባለው ኩሽኔታ ደግሞ አለ። ሳጥኑ ላይ «10+1» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ሻጮች ስለሱ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። የሪልን ጥሩነት በቤሪንግ ቁጥር የሚለካ ሰው ዓሣ ሳይሆን ቁጥር ነው የሚያጠምደው። ስለ ቤሪንግ የጠየቀ ሰው ከሱቅ ቶሎ አይወጣም፤ እኛም አልወጣንም።

ወሬው ካፌ ደረሰ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሐበሻ ካፌ ማለት ማንኛውም ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ለሸንጎ የሚቀርብበት ቦታ ነው፤ ቤትም፣ መኪናም፣ ፍራሽም። አንዱ «ውድ ግዛ፣ አንዴ ነው የምትገዛው» አለ። ሌላው «ርካሽ ግዛ፣ አንዴ ነው የምትሄደው» አለ። አንድ ጋሼ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን አነሡ፤ ያ ክርክር የግማሽ ቀን ነው። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስታወሰው ወጣት ብቻ ነበር ጠቃሚ ነገር የተናገረው። ከዚያ ወዳጄ ሳያስበው «ከያዝኩት በኋላ እለቀዋለሁ» አለ።

ዝም ተባለ።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሼ።

ማስረዳቱ ለኔ ተጣለ። ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ በ1967 አርካንሶ ቢቨር ሐይቅ ላይ የባስ ውድድር አዘጋጅቶ ይህን ነገር ትልቅ ስፖርት አደረገው፤ በ1972 ደግሞ የተያዘው ሳይሞት ይመለስ የሚለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ባስን ይዞ መልቀቅ ባህል ሆኗል። ደግሞም የፖቶማክ ዓሣ በኬሚካል ምክንያት እንዳሻህ እንዳይበላ የጤና ማሳሰቢያ አለበት። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው «እና ይህን ሁሉ ዶላር የምታወጣው ዓሣውን ልታስደነግጠው ነው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ስኮትም መልስ የነበረው አይመስለኝም።

የዓለም ሬከርዱን ነገርኳቸው፤ እሱ ደስ አላቸው። ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ገበሬ ሰኔ ወር መግቢያ ላይ፣ በ1932፣ ሞንትጎመሪ ከሚባል ሐይቅ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ፤ 10 ኪሎ ማለት ነው። ከጓደኛው ጋር የነበራቸው አንድ ዘንግና አንድ ማባበያ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ዓሣውን አስመዘነና ወደ ቤት ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። «ይኼ ሰው ነው!» አሉ ጋሼ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ከቢዋ ሐይቅ ያን የሚስተካከል ባስ አውጥቷል፤ በጥቂት ቢበልጥም ልዩነቱ ሁለት አውንስ ስላልሞላ እኩል ተባሉ። እሱ ደግሞ ያጠመደው ሕይወት ባለው ትንሽ ዓሣ ነው። አረንጓዴ ዱባ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ።

ባስ ራሱ ለፖቶማክ እንግዳ መሆኑን ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። አፈ ጠባቡ የመጣው በ1854 በባቡር ነው፤ ከኦሃዮ ወንዝ በኩል ሎኮሞቲቩ ኋላ ባለው የውኃ ጋን ውስጥ ተጭኖ ሜሪላንድ ከምበርላንድ ድረስ። አሁን እዚህ የቆየ ባላባት ሆኖ፣ ከ2004 ጀምሮ በወንዙ ውስጥ የተገኘውን የእስያውን ስኔክሄድ እንደ መጤ ያየዋል። ስኔክሄድ ራሱ የእባብ ነው፣ ጥርሱም የዋዛ አይደለም፣ ለባስ የተጣለ እንቁራሪት ላይም ይመጣል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት አባቶች ፖቶማክን አይተው መሆን አለበት።

እኔ የመከርኩት ይህን ነው፦ ስፒኒንግ፣ 7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ፋስት፤ ሪሉ 2500 ወይም 3000 የሚባለው መጠን፤ 10 ፓውንድ ክር፤ ሁሉም አንድ ላይ መቶ ዶላር አካባቢ። የላስቲክ ትሉንም ይወረውራል፣ ትንንሹን ክራንክቤይትም ይችላል። የማይችለው ጥቅጥቅ ካለ ሣር ውስጥ እንቁራሪት መጎተት ነው፤ ለዚያ በ50 ፓውንድ ክር የሚሠራ ደንዳና ዘንግ ያስፈልጋል፣ ወዳጄ ደግሞ ያንን ሣር ከሩቅ ቢያየው ይበቃዋል። ለሌላው ማባበያ ሁሉ ስለሚያስፈልገው ሌላ ዘንግ የሚነገረው እውነት ነው፤ እውነትነቱ የሚጀምረው ግን ዓሣ መያዝ ከጀመሩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠመውን ግዛ ብዬው ነበር። ሻጩ አንድ ወጥ የሆነው ስሜቱን በደንብ ያስተላልፋል አለው፤ ወዳጄም የባለሙያ ቃል ነው ብሎ አንድ ወጡን ገዛ። ዘንግ የሚሰበረው በዓሣ አይደለም፤ በብዛት በመኪና በር ነው። የወዳጄ መኪና ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሯ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውል ታክሲ ናት። ዘንጉ ከፊት ወንበር ሥር ተነሥቶ፣ በመሐል አልፎ፣ ከኋላው መስታወት ጥግ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው ጫፉ ጆሮው አጠገብ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ከመሐል ከተማ ወደ ደለስ አየር ማረፊያ የጫነው ሰው፣ ክራቫት ያሰረ፣ ስልኩን ያጠፋ፣ ዘንጉን በጣቱ ነካ አድርጎ «ለባስ ነው?» አለው። ከዚያ እስከ ደለስ ስለ ሪል አወራ። የራሱን ሪሎች ስም እየጠራ፣ የትኛው በየትኛው ክር እንደሚሄድ፣ የትኛውን ሚስቱ እንደማታውቅ። ደረሱ። ሻንጣው ወረደ። ሰውየው አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አድርጎ አሁንም ስለ ማርሽ ፍጥነት እያወራ ነው፤ ሜትሩም ቆሞ መቁጠር ያውቃልና እየቆጠረ ነው።

«አንተስ ምን አልከው?» አልኩት ወዳጄን።

«እኔማ» አለ፣ «ስለ ቤሪንግ ጠየቅኩት።»